ቀኑን እናውቃለን፤ ስሞቹንስ?

ከየካቲት 23 እስከ የካቲት 29 በዓለም ታሪክ



የካቲት ሊያልቅ ሲል ሁለት በዓላት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመጡልናል። የካቲት 23 የዓድዋ ድል በዓል ነው፤ የካቲት 29 ደግሞ በዓለም ዙሪያ «ማርች 8» እየተባለ የሚከበረው የሴቶች ቀን ነው። በመካከላቸው ያሉት ቀናትም ባዶ አይደሉም። በዚህ ሳምንት በአሜሪካ፣ በጋና፣ በሩሲያና በአገራችን የብዙ ሰው ኑሮ የለወጡ ነገሮች ተፈጽመዋል። ሁሉንም አንዘረዝርም። የመረጥናቸው ሴቶች ትልቅ ሥራ የሠሩባቸውን ቀናት ነው፤ ሁሉንም ያየናቸውም በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቀኑ ሲታወስ የማን ስም ይነሳል? የማንስ ይቀራል?

ስለ ቀን አቆጣጠሩ አንድ ነገር እናስቀድም። «ዓ.ም.» ያልነው የእኛ ነው፤ የውጭውን ስንጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እንላለን። በአሁኑ ጊዜ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። የዓድዋን ጦርነት ግን የውጭ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ብለው ይጽፉታል። ስሕተት አይደለም። በእነርሱ አቆጣጠር 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፋ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ

ቀኑ እሑድ ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ ከ17,000 በላይ ወታደር ይዞ በሌሊት ተንቀሳቀሰ፤ ጎሕ ሲቀድ ውጊያው ተጀመረ፤ ቀኑ ሳይመሽ የጣሊያን ጦር ተፈታ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የእቴጌ ጣይቱንም ስም እናውቃለን። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ከዓድዋ ጥቂት ሳምንታት በፊት መቀሌ ላይ እንዳየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር የውኃ ምንጩ ተይዞበት፣ በጥም ተዳክሞ ምሽጉን ለቆ እንዲወጣ ያደረገው ዘዴ የእርሳቸው መሆኑ ተጽፎላቸዋል። በዓድዋ ዕለትም ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ አስቀድተዋል።

እንግዲህ ውኃውን የተሸከሙት እነማን ነበሩ? ለዚህ መልስ የለንም። ዘመቻው ወራት የፈጀ፣ ከመሀል አገር እስከ ትግራይ በእግር የተጓዘ ነው። ለዚያ ጦር ዳቦ የሚያቀርብ የመንግሥት ክፍል አልነበረም። ጭሬታውን የያዘችው፣ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ የፈጨችው፣ ድንጋይ ጎልታ የጋገረችው፣ ቁስል ያጠበችው ሴት ነበረች። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ የወታደር ሚስቶች፣ አንዳንዶቹ አገልጋዮች ነበሩ፤ የራሳቸው ነጻነት ሳይኖራቸው ለአገር ነጻነት የፈጩም ነበሩ። «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚታወሰው ረሀብ ከብቱን ጨርሶ፣ ሕዝቡን ጎድቶ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት መሆኑንም አንርሳ። ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሕዝብ መግቦ ዓድዋ ማድረስ ራሱን የቻለ ድል ነው። የጦር አለቆቹ ስም በዜና መዋዕል ተጽፏል፤ የፈጪዎቹን ስም የጻፈ የለም።

የካቲት 23 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ ሞንትጎመሪ

በዚሁ ቀን፣ ከዓድዋ 59 ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አውቶቡስ ተሳፈረች። ስሟ ክላውዴት ኮልቪን ይባላል። በዚያ ከተማ ሕግ ጥቁር ሰው ለነጭ ተሳፋሪ መቀመጫውን መልቀቅ ነበረበት። ሹፌሩ ተነሺ ሲላት አልነሳም አለች። ፖሊሶች ጎትተው አወረዷት፤ እጇን በካቴና አስረው ወሰዷት።

ይህን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው በወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ስም ነው። ወይዘሮ ሮዛ ያንኑ ያደረጉት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነበር። የከተማው የጥቁሮች መሪዎች የክላውዴትን ጉዳይ ይዘው ለመነሳት አመንትተው ነበር። ልጅ ናት፤ ከድሃ ቤተሰብ ናት፤ ቆይቶም ፀንሳ ተገኘች። ሰው ፊት ለማቆም አትመችም ተባለ። ሆኖም የአውቶቡሱን ሕግ በፍርድ ቤት ያስሻሩት ከሳሾች አራት ሴቶች ሲሆኑ ክላውዴት አንዷ ናት። የታሰረችበት የወጣት ጥፋተኞች መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተሰረዘላት ግን በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የ82 ዓመት አረጋዊት ነበሩ።

ለማኅበራችን ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ከወይዘሮ ሮዛ መታሰር በኋላ የሆነው ነው። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ከአንድ ዓመት በላይ፣ 381 ቀን፣ በእግራቸው ሄዱ። ጥሪውን በአንድ ሌሊት በወረቀት አባዝተው ያሠራጩት መምህርት ጆ አን ሮቢንሰንና የሴቶች ማኅበራቸው ናቸው። ሩቅ ሠፈር ለሚሠሩት መኪናዎች ተመደቡ፤ መኪና ደግሞ ነዳጅ ይፈልጋል። ወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞር የሚባሉ ምግብ አብሳይ ጎረቤቶቻቸውን አሰባሰቡ። ዶሮ ጠብሰው፣ ኬክ ጋግረው፣ በየስብሰባውና በየጸጉር ቤቱ ሸጡ። ገንዘቡንም በየጊዜው ለትግሉ አስረከቡ። የቡድናቸው ስም «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል መልሱ «ከየትም» ነው። ብዙዎቹ በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ስለነበሩ ስማቸው ከታወቀ እንጀራቸው ይቀራል። ወይዘሮ ጆርጂያ ራሳቸው በግልጽ ከመሰከሩ በኋላ ከሥራ ተባረዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የዓድዋ ፈጪዎች ስም የጠፋው የሚጽፈው ሰው ስላላሰባቸው ነው። የሞንትጎመሪ ጋጋሪዎች ግን ስማቸውን የደበቁት ራሳቸው መርጠው፣ እርስ በርስ ለመጠባበቅ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የካቲት 24 ቀን 1905 ዓ.ም.፣ ዋሽንግተን

አሁን ወደ ኋላ፣ እ.ኤ.አ. ወደ ማርች 3 ቀን 1913 እንመለስ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን በማግሥቱ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ነው። አሊስ ፖል የምትባል የ28 ዓመት ወጣትና ጓደኞቿ ከ5,000 በላይ ሴቶችን አሰልፈው የምርጫ መብት ጠየቁ። ተመልካቹ ወንድ መንገዱን ዘጋ፤ ተሳደበ፣ ገፈተረ፣ መታ። ፖሊስ ቆሞ አየ። ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ነገሩ አሜሪካን አነጋገረ፤ የሴቶቹም ጥያቄ ከዚያ በኋላ ሊታፈን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1920 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው በጾታው ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከል ደነገገ።

በዚያው ሰልፍ ውስጥ ግን ሌላ ሰልፍ ነበር። ጥቁር ሴቶች ከኋላ ሆነው እንዲሄዱ ተነገራቸው፤ የደቡብ ግዛት ነጮች ቅር እንዳይላቸው ነው። አይዳ ዌልስ የተባሉት ስመ ጥር ጋዜጠኛ ከኢሊኖይ ግዛት የመጡ ነበሩ። ከኋላ ሁኑ ሲባሉ እሺ አላሉም። ከተመልካቹ መሀል ቆይተው፣ የኢሊኖይ ሴቶች ሲደርሱ ብድግ ብለው በሁለት ነጭ ባልደረቦቻቸው መካከል ገብተው ሄዱ። መብት ለመጠየቅ በተጠራ ሰልፍ ውስጥ የራስን ቦታ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለጥቁር ሴቶች ጉዳዩ በ1920 እንዳላለቀ የካቲት 28 ላይ እናያለን።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ይህን ቀን እናቶቻችን ያስታውሱታል። «መሬት ላራሹ» ሲባል ከኖረ በኋላ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬት መሸጥ፣ መለወጥና ማከራየት ተከለከለ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በቀጣዮቹ ቀናት አዲስ አበባ በድጋፍ ሰልፍ ተጥለቀለቀች።

አዋጁን ስናነበው መሬት የሚሰጠው የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ለማንኛውም ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ነው ይላል። በጊዜው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ወደ መሬት ሲወርድ ግን የገበሬ ማኅበራት የመዘገቡት አባወራን ነው። ያገባች ሴት በባሏ ስም ሥር ገባች። ስትፈታ ወይም ባሏ ሲሞት መሬቱ የማን ነው የሚለው ክርክር የመጣው ከዚህ ነው። ስሟ የሌለበትን ነገር የእኔ ነው ብላ ማስረዳት ነበረባት።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህ መለወጥ ጀመረ። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጻፈ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈበት። ሌሎች ክልሎችም የሁለቱን ስም መመዝገብ ያዙ። ከአዋጁ እስከዚያ ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ተቆጥሯል። ሕጉ ውስጥ «የጾታ ልዩነት ሳይደረግ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ነበረ፤ የጎደለው በደብተሩ ላይ አንድ መስመር ነበር።

የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ አክራ

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1957 ጎልድ ኮስት የሚባለው የብሪታንያ ቅኝ ግዛት «ጋና» ተብሎ ነጻ ወጣ። ክዋሜ ንክሩማ በእኩለ ሌሊት ነጻነቱን ሲያውጁ የተውለበለበው አዲስ ሰንደቅ ዓላማ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነበር። እነዚህ የእኛ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት ናቸው፤ ሳይገዛ የቆየው አገር ቀለም ለአዲሶቹ ነጻ አገሮች ምሳሌ ሆኗል። ንድፉን የሠሩት ቴዎዶዥያ ኦኮ የተባሉ መምህርትና ሠዓሊ ናቸው። የእርሳቸው ስም ታውቋል።

የንክሩማን ፓርቲ በገንዘብም በቅስቀሳም ከደገፉት መካከል የአክራ ገበያ ሴቶች ዋነኞቹ ነበሩ። ጨርቅ፣ ዓሣና እህል የሚነግዱ፣ ብዙዎቹም ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ናቸው። ወሬ ከከተማ ገጠር በእነርሱ ይሄድ ነበር፤ የስብሰባው ወጪም ከመቀነታቸው ይወጣ ነበር። ነጻነት ከመጣ ከ22 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ በኑሮ ውድነቱ ነጋዴ ሴቶች ተወንጅለው ትልቁ የማኮላ ገበያ በወታደሮች ፈረሰ። ውለታቸው በመዝገብ ላይ አልነበረም፤ ጥፋት ሲፈለግ ግን የሚገኙበት ቦታ ታወቀ።

በዚያው እ.ኤ.አ. 1957 አገራችን በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያውን የሕዝብ ተወካዮች ምርጫ አካሄደች። ሴቶችም መረጡ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

የካቲት 28 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሴልማ

ወደ አላባማ ግዛት እንመለስ። ወይዘሮ ስንዱ ከተመረጡ ዓመታት ቢያልፉም በሴልማ ከተማና አካባቢዋ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች መካከል የተመዘገቡት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሕጉ አትመርጡም አይልም፤ የመዝገብ ሹሙ ግን ፈተና ይፈትናል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ተመለሱ ይላል። ወይዘሮ አሚሊያ ቦይንተን በዚያ ከተማ ለሠላሳ ዓመት ሰዎችን እያስተማሩ ለምዝገባ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ወደ ሴልማ የጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ምክክሩም የሚካሄደው በቤታቸውና በቢሯቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1965 እሑድ ወደ 600 የሚሆኑ ሰልፈኞች ድልድዩን ሲሻገሩ ፖሊሶች በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተቀበሏቸው። ወይዘሮ አሚሊያ ተደብድበው ራሳቸውን ሳቱ። መሬት ላይ ወድቀው የሚታዩበት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። ከአምስት ወር በኋላ የምርጫ መብት ሕጉ ተፈረመ። አይዳ ዌልስ ከኋላ ሁኑ ከተባሉበት ሰልፍ እስከዚያ 52 ዓመት ነው። ወይዘሮ አሚሊያ በ50ኛው መታሰቢያ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር ያንኑ ድልድይ ተሻገሩ።

የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ፔትሮግራድ

የሴቶች ቀን ሐሳብ የመጣው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ኮፐንሃገን ላይ በተደረገ ጉባኤ ክላራ ዜትኪንና ባልደረቦቿ በየዓመቱ የሴቶች ቀን እንዲከበር ሐሳብ አቀረቡ። ማርች 8 ተለይቶ የታወቀው ግን በሩሲያ ሴቶች ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 ሩሲያ ሦስተኛ ዓመቱን በያዘ የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። በዋና ከተማዋ በፔትሮግራድ ሴቶች ፋብሪካ ውለው፣ በብርድ ለዳቦ ተሰልፈው፣ ዳቦው አለቀ ተብለው ይመለሱ ነበር። በሴቶች ቀን የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ወጡ። የፓርቲ ሰዎች ጊዜው አይደለም፣ ታገሡ ብለዋቸው ነበር። እነርሱ ግን ወንዶቹ ወደሚሠሩባቸው የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሄደው ውጡ አሏቸው። «ዳቦ!» የሚለው ጩኸት በማግሥቱ «ንጉሡ ይውረድ!» ሆነ። በሳምንቱ ዛር ኒኮላስ ዙፋናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የሩሲያ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። አዲስ አበባ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ከጫኑ ያን ጊዜ ገና አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

ያን ቀን ከፋብሪካው በር ቀድማ የወጣችው ሴት ማን ነበረች? የንጉሡን ስም፣ ከዚያ በኋላ የመጡትን መሪዎች ስም ሁሉ ተምረናል። የእርሷን አልተማርንም።

እኛስ ምን እንያዝ?

ሳምንቱን ስናየው አንድ ነገር ይደጋገማል። የቀኑ ድል ከመምጣቱ በፊት የሚፈጭ፣ የሚጋግር፣ የሚያዋጣ፣ ጎረቤት የሚቀሰቅስ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አባቶቻችን። ጌጡ ሲነገር ግን ሃምሳዎቹ ተረስተው የአንዱ ስም ብቻ ይቀራል። የዚህም ጉዳት ኩራት ማጣት ብቻ አይደለም። የአክራ ነጋዴዎች ገበያ፣ የገጠሯ ሚስት መሬት፣ የክላውዴት የዕድሜ ልክ መዝገብ የሚያሳየን ወረቀት ላይ ስም መኖርና አለመኖር የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ቃለ ጉባኤያችን «አባላት ተባብረው ሠሩ» ብሎ ከሚያልፍ ማን ምን እንደሠራ በሙሉ ስም ይጻፍ፤ ገንዘብ ያዋጣችም፣ ድንኳን የተከለችም፣ የታመመች የጠየቀችም። ሁለተኛ፣ ከመጻፋችን በፊት እንጠይቅ። ብድር የወሰደች ወይም በችግሯ የተረዳች እኅት ስሟ እንዲሰወርላት ከፈለገች፣ እንደ ሞንትጎመሪ ሴቶች ምስጢሯን መጠበቅ የእኛ ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን ቤታችን ስንገባ ወረቀቶቻችንን እንይ። የመሬት ደብተሩ፣ የቤት ውሉ፣ የባንክ ደብተሩ በማን ስም ነው? የእኛ ስም ከሌለበት ምን ማድረግ እንደሚቻል በወርኃዊው ስብሰባ እንነጋገር።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ስትመጡ ደግሞ አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፦ የሴት አያታችሁን ስም ከነአባቷ፣ ምን ትሠራ እንደነበረም ጭምር። የምታውቁት ካልሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሳያልፍ ጠይቁ። የማኅበራችን መዝገብ በእነርሱ ስም ይጀምራል።